ላሟ ስትወልድ

ገዳሪፍ ውስጥ ለተበላሸ ነገር ሁሉ ጥፋተኛው ሸበካ ነው። ኔትወርክ ማለታቸው ነው። ስልክ እምቢ ሲል ሸበካ፣ ፋይል አልከፈት ሲል ሸበካ፣ ሠራተኛ አርፍዶ ሲመጣ እንኳ ሸበካ። እኔ ይህን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ» የተባለው ለእንዲህ ያለ ሰው ይመስለኛል። ማሽን የት እንዳመመው የምታውቀው ጠይቀህ፣ ነካክተህ፣ አንዱን ነገር ከሌላው ለይተህ ነው እንጂ በግምት አይደለም። በዚህ ጠባዬ ብዙ ሰው አስቀይሜያለሁ።

ኮምፒውተር የተማርኩት ጎንደር ነው። እዚያው በአንድ መሥሪያ ቤት የሰርቨር ክፍል ጥቂት ዓመት ሠራሁ። ኋላ እንደ እኩዮቼ ወደ ሰሜን ልሻገር ብዬ በመተማ በኩል ሱዳን ገባሁ። ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲነሳ መንገዱ ሁሉ ተዘበራረቀ፤ ከዚያ የሸሸው ሕዝብ ራሱ ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ፤ እኔም የትም ሳልሄድ እዚያው ቀረሁ። እናቴ የነበረችው ከመተማ ብዙም በማይርቅ የቆላ መንደር፣ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነው። ሩቅ አገር አልነበረም። ግን ወረቀት የለኝም፣ ከድንበሩ ወዲያ ደግሞ ተኩስ አለ፣ ስልኩም ከተቋረጠ ቆይቶ ነበር። ከዚህ እስከዚያ ለመድረስ የሚያልፈው ድምፅ ብቻ ሆነ።

የቀጠረኝ ትንሽ የእርዳታ ድርጅትም ሥራው ይኸው ድምፅ ማመላለስ ነበር። ከድንበሩ ማዶ ያለ ቤተሰብ መልእክቱን በአንዱ ሰው ስልክ ይቀዳል። ቅጂው በሚሞሪ ካርድ ሆኖ፣ በሎሪ ሾፌር ወይም ለእርሻ ሥራ በሚሻገር የቀን ሠራተኛ ኪስ፣ ጋላባትን አልፎ ዶካ ይደርሳል። ዶካ ገበያው ዳር አንዲት መስኮት ነበረችን፤ እዚያ ወደ ማሽን ይገባል። የሚላክለት ሰው ቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ ከሆነ በካምፑ መስኮት፣ ገዳሪፍ ከሆነ በቢሯችን መጥቶ ያዳምጣል፣ መልሱንም እዚያው ተናግሮ ይሄዳል። ከፉል ሻጮቹ ደጃፍ ይልቅ የእኛ ደጃፍ ሰልፍ ይበዛ ነበር።

ድምፁ ሁሉ የሚከማቸው ገዳሪፍ ባሉት ሦስት ሰርቨሮች ላይ ነው። ሦስቱ ተጣምረው እንደ አንድ ጎተራ ይሠራሉ። አንድ ድምፅ ሲገባ ሦስቱም ላይ ይጻፋል፤ ሁለቱ ቢሞቱ አንዱ እንዲተርፍ። ሦስቱም ጽፈው ሳይጨርሱ «ገብቷል» የሚል መልስ አይመጣም። ቱነይድባ ያለው ትንሽ ማሽን ደግሞ አንዴ የተጠየቀ ድምፅ ቅጂውን አጠገቡ ያስቀምጣል፤ ካሽ ይባላል። ሁለተኛ ስትጠይቀው ገዳሪፍ ድረስ ሳይሄድ እዚያው ካለው ይሰጥሃል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ስፍራ አለ፤ አዲስ ድምፅ ሲመጣ በአሮጌው ቦታ ይገባና አሮጌው ወደ ኋላ ተቀምጦ ይቆያል። ነገሩ በሙሉ ይኸው ነው፤ ሲሠራ ማንም አያየውም።

የዶካውን መስኮት የያዙት በወጣትነታቸው ለሰሊጥ አጨዳ መጥተው እዚያው ያረጁ የደንቢያ ሰው ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። አማርኛና ዓረብኛ እየቀላቀሉ ሲያወሩ ለሰው ሁሉ ይጥማሉ፤ ሰላምታቸው ብቻ አንድ ሻይ ያስጨርሳል። ከማስገባታቸው በፊት የመጣውን ድምፅ ሁሉ የማዳመጥ ኃላፊነት የእሳቸው ነበር። ይህ ደንብ በድርጅቱ ፈረንጆች የወጣ አይደለም። አንድ ጊዜ ቱነይድባ መስኮት ላይ አንድ ሰው የሻይ ብርጭቆ እንደያዘ ያባቱን ሞት ከድምፅ ማጉያው ሰማ። ሰልፉ ሁሉ አብሮት ሰማ። ሰውየው ሻዩን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት እንደያዘው ቆሞ ቀረ። በነጋታው የካምፑ ሽማግሌዎች፣ የትግሬውም ያማራውም፣ ተሰብስበው መጡብን።

«መርዶ በማሽን አይነገርም» አሉን። «ሰው ሲረዳ አጠገቡ የሚይዘው ሰው ይፈልጋል።»

ከዚያ ወዲህ የሞት ወሬ ያለበት ድምፅ ወደ ባለቤቱ ስፍራ አይገባም። ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ዘመድ ወይም ያገር ሰው ይፈለግና በማለዳ ቤቱ ሄደው ያረዱታል። የተቆለፈውን ስፍራ የሠራሁት እኔ ነኝ። የሚከፍተው ጋሼና እኔ ብቻ ነበርን፤ እኔም ለጥገና ካልሆነ አልነካውም።

እናቴ ካርድ በመጣ ቁጥር ትልክልኝ ነበር። ድምፅ መቀዳት ግን አትወድም። ፊቱን ለማታየው ሰው ማውራት ያሳፍራታል። «ልጄ እንደምን ከረምክ» ብላ ትጀምርና «ውኃ ሳታፈላ እንዳትጠጣ» ብላ ትጨርሳለች። መጨረሻ ላይ ስልኩን ወደያዘው ወንድሜ ዞራ «ገባ?» ትለዋለች። እሱም «ገብቷል፣ እማ» ይላታል፤ ከዚያ ይቋረጣል። ይህች «ገባ?» ሁልጊዜ ታስቀኝ ነበር። እኔ ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚህችው ጥያቄ ነው፤ እሷ ግን ማንም ሳያስተምራት ትጠይቃለች።

ክረምቱ ሲገባ የላከችው ድምፅ ላይ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይሰማል። «ሳሉ ትቶኛል ማለት ይቻላል» አለች። ከዚያ ቀጥላ «ላሟ ከብዳለች፤ ዛሬ ነገ እያለች ነው። ስትወልድ እነግርሃለሁ» አለች። ላሟ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፋባታለች። ያን ጊዜ እናቴ ሰው የሞተባት ያህል ነበር ያዘነችው። ስለዚህ ነገሩ ለእኔም ቀላል አልነበረም። እዚህ ገዳሪፍ፣ በዚያ ሁሉ ጦርነትና ስደት መካከል፣ የአንዲት ላም ምጥ የሚያሳስበኝ ሰው ሆንኩ። ቀጣዩን ድምፅ በጉጉት ጠበቅኩ።

ቀጣዩ መጣ። «ላሟ ከብዳለች፤ ዛሬ ነገ እያለች ነው» ይላል። ያንኑ ነው። ዝናቡም ያው፣ ሳሉም ያው።

በዚያው ሰሞን ከቱነይድባ ተደወለ። የካምፑን መስኮት የያዘችው በካምፑ ትምህርት ቤት የምታስተምር የትግራይ ልጅ ናት።

«ሓወይ» አለችኝ፣ ወንድሜ ማለቷ ነው፣ «ሰዉ ያለፈውን ድምፅ ነው እየደጋገመ የሚሰማው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ጭራሽ አይከፍትም።»

«ሸበካ ነው እንዳትዪኝ።»

«እኔ መቼ አልኩ? ሰዉ ነው የሚለው።»

በጭቃው መንገድ በቦክሲ መኪና ተንገጫግጬ ሄድኩ። ከሰልፉ ፊት አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ልጃቸው ከማዶ ነው። «ወደይ ባለፈውም ይህንኑ ብሎኛል» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ልጄ ሌላ ወሬ የለውም እንዴ?» እየፈለግኩ ነው አልኳቸው። በልቤ ግን ደስ አለኝ። የእናቴም ድምፅ የተደገመው በዚሁ በሽታ ነው ብዬ ነበርና፣ መድኃኒቱን ባገኝ የላሟን ወሬ ልሰማ ነው።

በሽታው ሁለት መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ፈጀብኝ። ሁለቱ አብረው ስለመጡ አንድ መስለውኝ ነበር። መጀመሪያ መስመሩን ለካሁ። ባዶ ነው፤ የሚያልፍበት ነገር ትንሽ ነው። ሸበካው ንጹሕ መሆኑን ላገኘሁት ሰው ሁሉ፣ ላልጠየቀኝም ጭምር፣ ተናገርኩ። ከዚያ ገዳሪፍ ተመልሼ ሦስቱን ሰርቨሮች አንድ በአንድ ተቀመጥኩባቸው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ማን ብዙ ሠራ ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ማን ማንን ይጠብቃል ብሎ ነው። ሁለቱ ሥራ ፈተው ተቀምጠዋል። ሦስተኛው ግን የተሰጠውን ሁሉ ለመጻፍ ያቃስታል። ሰሊጥ ሲታረም ሠራተኛው በረድፍ ነው የሚሄደው፤ አንዱን ወገቡን ካመመው ረድፉ ሁሉ በእሱ ልክ ይጎተታል። ሦስተኛው ሰርቨር ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታውን ግድግዳ ተደግፎ፣ ማራገቢያው በአቧራ ተደፍኖ፣ ዲስኩ ሊሞት ደርሶ ነበር። ጠዋት የሚብሰውም ጋሼ ካርዶቹን የሚያስገቡት ካህራባ፣ ማለትም መብራት፣ በሚኖርበት በጠዋቱ ስለሆነ ነው፤ መጻፉ ሲጓተት ማንበቡም አብሮ ይጓተታል። ዲስኩን ለወጥኩ፣ ማሽኑን ከግድግዳው አራቅኩት፣ አቧራውን አራገፍኩ። መስኮቱ እንደ ድሮው ቶሎ መክፈት ጀመረ።

የተደገመው ድምፅ ግን አልተፈታም። ለዚህ ራሴን መፈተኛ አደረግኩ። ጋሼ ዶካ ሆነው «አንድ» የሚል የእኔን ድምፅ አስገቡ፤ ቱነይድባ ላይ አዳመጥነው። ቀጥለው በእሱ ቦታ «ሁለት» የሚል አስገቡ። ቱነይድባ «አንድ» አለ። ደግመን ጠየቅነው፤ አሁንም «አንድ»። ገዳሪፍ ያሉት ሦስቱም ግን «ሁለት» ነው የሚሉት። እንግዲህ የሚዋሸው ካሹ ነው። ለምን ይዋሻል ብዬ ስከታተል የዶካው ማሽን ሰዓት ላይ ደረስኩ። የሰዓቱ ባትሪ ሞቷል። ካህራባ በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳና ዓመታት ወደ ኋላ ተመልሶ ይነሣል። ስለዚህ ከዶካ የሚመጣው አዲስ ድምፅ የድሮ ቀን ለብሶ ነው የሚደርሰው። ካሹ ቀኖቹን ያስተያያል፤ በእጄ ያለው ይበልጣል ብሎ አዲሱን አይወስድም። ለቀኑ ታማኝ ሆኖ ነው ሰዉን የበደለው።

ከገዳሪፍ ሱቅ ትንሿን ባትሪ ገዝቼ ላክሁ። ካሹንም ከእንግዲህ ቀን እንዳያይ አደረግኩት። እያንዳንዱ ድምፅ ከይዘቱ የሚሰላ አጭር ምልክት አለው፤ አሻራ እንለዋለን። ድምፁ በአንዲት ቃል ቢለወጥ አሻራው ይለወጣል፤ ቃሉ ካልተለወጠ ቀኑን አንድ ሺህ ጊዜ ብትቀይረው አሻራው ያው ነው። ቀን ይዋሻል፤ አሻራ ግን አይዋሽም። እኚያ እናት መጥተው የልጃቸውን አዲስ ድምፅ ሰሙ። «አሁን ገና ወሬ አወራ» ብለው ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ አፍሬ ያዝኳቸው። የዚያን ዕለት ቦክሲው ላይ ሆኜ እስከ ገዳሪፍ ድረስ እያፏጨሁ ነው የተመለስኩት።

ቢሮ እንደገባሁ የራሴን ጠየቅኩ። «ላሟ ከብዳለች፤ ዛሬ ነገ እያለች ነው።»

ተናደድኩ። ገዳሪፍ ቢሮ ውስጥ ድምፅ የሚመጣው በካሽ አይደለም፤ በቀጥታ ከሦስቱ ሰርቨሮች ነው። እስከዚያ ቀን ይህን አለማሰቤ ራሱ ገረመኝ። ስፍራዬን ከፍቼ አየሁት። ቀኑ አዲስ ነው፤ ባትሪው ከተለወጠ በኋላ የገባ ነው። አሻራውን አሰላሁ። ከፊተኛው ጋር ያው ነው። ወደ ኋላ የተቀመጠውን ሌላውንም አሰላሁ። እሱም ያው ነው። ቀኑ በየካርዱ ይታደሳል፣ ድምፁ ግን ክረምት ሲገባ የመጣው ያው አንዱ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት መሣሪያዬን ነው። አሻራ የሚያሰላውን ፕሮግራም በሌላ ቀየርኩት፤ ያንኑ አለኝ። በዚያው ካርድ የመጣ የሌሎች ሰዎች ድምፅ አየሁ፤ ሁሉም አዲስ ነው። አሮጌው የእኔ ብቻ ነው። እንግዲህ ጋሼ ተሳስተው የድሮውን ፋይል እየነኩ ይሆናል አልኩና ደወልኩላቸው።

«ኩሉ ተማም ነው ልጄ፣ ሁሉ ደህና ነው» አሉኝ። «የመጣውን ነው የማስገባው።» ዘጉት። ስለ ጤናዬ አልጠየቁኝም፣ አልመረቁኝም። እኚህ ሰው ስልክ እንዲህ ሲዘጉ አይቼ አላውቅም።

ያን ጊዜ የተቆለፈው ስፍራ ትዝ አለኝ። ለመክፈት ቀላል ነበር። ወንበሬ ላይ ሆኜ ጥቂት ፊደል መምታት ብቻ ነው። ለማንም የማልፈቅደውን ነገር ለራሴ ፈቀድኩ፤ ሳልከፍተው፣ ሳላጣራ ተውኩት። በሽታው ዶካ ነው፣ ሄጄ ማሽኑን በዓይኔ ማየት አለብኝ አልኩና በማግስቱ ሎሪ ላይ ወጣሁ።

ዶካ የደረስኩት ከቀትር በኋላ ነው። ገበያው በጭቃ ተቦክቷል። ጋሼ ከመስኮቱ ኋላ ሆነው አዩኝ፤ ሰልፉን ትተው ተነሡ። ሰላም አላሉኝም።

«ምሳ በላህ?» አሉኝ።

አልበላሁም አልኳቸው። እጄን ይዘው አጠገባችን ያለው የራኩባ ዳስ ጥላ ሥር አስቀመጡኝና ምግብ አዘዙ። ኪስራውን እየቆረሱ ያጎርሱኝ ጀመር። ሰልፍ ላይ ያለው ሰው ቆሞ ያየናል፤ አንድም ሰው አላጉረመረመም። በእኛ አገር መርዶ የሚጠብቀውን ሰው አስቀድሞ ማብላት ወግ ነው። አንዴ ከሰማ እህል አይወርድለትምና። ይህን ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። የመጀመሪያውን ጉርሻ ስውጥ እናቴ እንደሞተች አወቅኩ።

ጋሼ ማጉረሱን ቀጠሉ። ዓይናቸው ከእጃቸው አይነሣም። «ወንድምህ ይመጣል» አሉ በመጨረሻ። «ሰሊጥ ሲደርስ ከአጫጆቹ ጋራ ይሻገራል። ‹ራሴ ነኝ የምመጣው፣ እስከዚያ አደራ› ብሎኛል። እንግዲህ እኔ...»

ድምፃቸው ሲሰበር ሰማሁ። መርዶው የእሳቸው አልነበረም፤ የወንድሜ ነው። እናቱን ቀብሮ፣ ቃሉን አዘጋጅቶ፣ ለወንድሜ እኔው በአፌ ልንገረው ብሎ ለኚህ ሰው በካርድ አደራ ልኳል። እሳቸውም እኔ ድምፅ ጠፍቶብኝ እንዳልደነግጥ የድሮውን እያነሡ በአዲሱ ስፍራ ሲያስገቡ ከርመዋል። አሁን የእኔ ማጣራት አደራቸውን ሊያስበላቸው ነው። እውነቱን ለመናገር ለእሳቸው ብቻ አዝኜም አይደለም። ካልተነገረኝ እናቴ እስከ ሰሊጥ አጨዳ ድረስ አልሞተችም። ይህን ፈለግኩ፤ አጥብቄ ፈለግኩ።

«ሰዓቱ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ባትሪው እንደገና ሳይበላሽ አይቀርም። ለዚህ ነው የሚደግመው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «እሱ ይሆናል» አሉ።

«ሸበካም አለበት» አልኩ።

«አዎ» አሉ። «ሸበካም አለበት።»

ከዚያ ተነሥተን መስኮቱ ጋ ሄድን። የማሽኑን ክዳን ፈታሁ፣ ደህናውን ባትሪ አውጥቼ ጠረግኩት፣ መልሼ አስገባሁት። ጋሼ መብራት ያዙልኝ፤ የሚያስፈልግ ብርሃን ሳይጠፋ። «አሁን ደህና ነው» ብያቸው በመጣሁበት ሎሪ ተመለስኩ።

የዚያ ዓመት ክረምት መውጫ ለእኔ ረጅም ነበር። ካርድ በመጣ ቁጥር ገብቼ አዳምጣለሁ። ላሟ ከብዳለች፣ ዛሬ ነገ እያለች ነው። አንዳንዴ ስሰማው ዘንግቼ ላሟ እንዴት እስካሁን አልወለደችም እላለሁ። መልስም መላክ ነበረብኝ፤ ካልላክሁ ወንድሜ ይጨነቃል። ማይክሮፎኑ ፊት ቁጭ ብዬ «እማ፣ እኔ ደህና ነኝ። ውኃም አፍልቼ ነው የምጠጣው። ላሟስ ወለደች ወይ?» እላለሁ። ማሽኑ «ገብቷል» ይለኛል። ወንድሜ ብቻውን እንደሚሰማው አውቃለሁ፤ እሱ ደግሞ እኔ እንደማውቅ አያውቅም። እንዲህ እየተጠባበቅን ኖርን።

ያች የቱነይድባ አስተማሪ አንድ ቀን «ሓወይ፣ ያንተስ ድምፅ ተስተካከለ?» አለችኝ። «ገና ነው» አልኳት፤ ሌላ አልጠየቀችኝም። ቤተ ክርስቲያን ስሄድም የእናቴን ስም ከሕያዋን ጋር ልጥራ ከሙታን ጋር ልጥራ ግራ ገባኝ፤ ሳልጠራ ተመለስኩ። አርባዋ መቼ እንደዋለ አላወቅኩም። ያወጣው ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔ የዚያን ዕለት ሰርቨር ስጠግን ውዬ ይሆናል።

ሰሊጡ ደረሰ። አጫጆቹ በየሎሪው ላይ እየተጫኑ ሲሻገሩ አየሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብሴን ሳላወልቅ መተኛት ጀመርኩ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነበር። ሲነግሩኝ ምን እሆናለሁ? ያወቅኩት ነገር ነው፤ ሐዘኑን ብቻዬን ጨርሼዋለሁ ብዬ ነበር። ዓይኔ ደረቅ ቢሆን ወንድሜ ያዝናል፣ ጋሼ ያፍራሉ። ለእናቴ ማስመሰል ሊኖርብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ወንድሜ ነው፤ ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል። ከኋላው ጋሼ ካባቸውን ተከናንበው ቆመዋል፤ ያች አስተማሪ ከቱነይድባ ድረስ መጥታለች፤ የማላውቃቸው ሁለት ያገሬ አጫጆችም አሉ። ሁሉም ገቡ። አንዱ አጫጅ፣ ፊቱን አይቼው የማላውቅ ሰው፣ ሊይዘኝ አጠገቤ ተቀመጠ።

ወንድሜ በመንገድ ሁሉ ሲያሰናዳው የመጣውን ቃል ጀመረ። «ወንድሜ፣ መቼም ሰው ሆኖ የማይሞት የለም...» አለና ቀጣዩ ጠፋው። «እማ...» አለ።

ማስመሰል አላስፈለገኝም። ያን ጊዜ ገና ነው የሞተችው። ክረምቱን ሙሉ ብቻዬን ያወቅኩት ነገር ምንም አልነበረም፤ በወንድሜ አፍ ሲወጣ እንደ አዲስ ወደቀብኝ። ያ የማላውቀው ሰው አጥብቆ ይዞኝ ነበር፤ ባይዘኝ ምን እንደምሆን አላውቅም። ጋሼም አለቀሱ፤ እንዲያ እየጮኹ ያለቀሱት አደራው ከላያቸው ስለወረደም ጭምር ይመስለኛል።

ፀሐይ ወጣ። ሰዉ ከልቅሶው አረፈ። ወንድሜ ሳሉ እንደገና እንደበረታባት፣ ያለ ሐኪም እንደነበሩ፣ መንገዱ እንደተዘጋ፣ ቀስ እያለ ነገረኝ። ሁሉንም ሰማሁ። ስንጠባበቅ የከረምነው አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር።

«ላሟስ?» አልኩት።

«ወለደች» አለኝ። «ቀይ ሴት ጥጃ። እማ አይታታለች። ስልኩን ላምጣልሽና ንገሪው ብላት፣ ድምፄ ጎርንኗል፣ ልጁ ይደነግጣል፣ ሲሻለኝ እነግረዋለሁ አለችኝ።»